የመምህሬን መጽሐፍ ለማን ልጠቁም?

የአንባቢ ደብዳቤ

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የ27 ዓመት ሴት ስሆን ባሕር ዳር ከፔዳ ግቢ ብዙም በማይርቅ ቦታ ትንሽ የመጻሕፍት መደብር አለኝ። ደብተርና እስክሪብቶ ባልሸጥ የቤት ኪራዩን ስለማልችለው ከመደርደሪያው የሚበዛውን የያዘው የጽሕፈት መሣሪያ ነው፤ የቀረው ልብ ወለድና የልጆች መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ሰው የሚያውቀኝ በደብተር አይደለም። «አዲስ ምን ገባ? ምን ላንብብ?» እያሉ የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ፤ እኔም አንብቤ የወደድኩትን ስነግራቸው አምነውኝ ይገዛሉ፤ ሲመለሱም ስለ ታሪኩ እያወራን ሰዓቱ ይሄዳል። ከዚህ ሥራ የማገኘው ትልቁ ደስታ ይኸው ነው።

ጭንቀቴ የጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝና የራሳቸውን መጻሕፍት እያዋሱ ማንበብ ያስለመዱኝ መምህሬ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሁለት መጻሕፍት አሳተሙ። አንዱ ረጅም ልብ ወለድ ነው፣ ሌላው የልጆች ተረት። የማሳተሚያውን ገንዘብ ለዓመታት ካጠራቀሙት እንዳወጡ አውቃለሁ። ከታተመው ከፊሉን እኔ ዘንድ አስቀምጠው፣ ሲሸጥ ኮሚሽኔን ቀንሼ እንድከፍላቸው ተስማማን። «አንቺ ካልሽ ሰው ይገዛል፤ ለሁሉም ንገሪልኝ» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እሳቸውን እንዴት እምቢ እላለሁ?

ልብ ወለዱን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ዘጌ ውስጥ በቡና የሚተዳደር የአንድ ቤተሰብ የሦስት ትውልድ ታሪክ ነው። ቡና ለቀማውና በታንኳ ሐይቁን እያቋረጡ ገበያ መውጣታቸው በደንብ ተጽፏል፤ የታንኳውን ምዕራፍ እንዲያውም ደግሜ አንብቤዋለሁ። ነገር ግን ደራሲው በየምዕራፉ እየገቡ ያብራራሉ፤ ሰዎቹም ሲነጋገሩ ስብሰባ ላይ ንግግር የሚያደርጉ ይመስላሉ። እኔ በተፈጥሮዬ የምወደው አጫጭር ታሪኮችንና የከተማ ሕይወት የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ስለሆነ ይህንን ለመጨረስ ታግያለሁ።

ሆኖም ቃሌን ለመጠበቅ ስል ለመጣው ሁሉ ስጠቁመው ከረምኩ። ባንክ የምትሠራ፣ ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር አንድ መጽሐፍ ሳትገዛ የማትሄድ ደንበኛዬ አንብባ ስትመለስ «ለአንቺ ስል ጨረስኩት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መምጣቷን አላቋረጠችም፤ ግን ራሷ መርጣ፣ ከፍላ ትሄዳለች እንጂ ምን ላንብብ አትለኝም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም «ቀይሪልኝ» ብሎ መጥቷል። እርግጥ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ገዝተው ቆይተው ደግሞ ለወንድማቸው ብለው ሌላ ወስደዋል።

የልጆቹ መጽሐፍ ይብሳል። አንዲት እናት ሁለተኛ ክፍል የሆነ ልጇ በግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛውን እያቀላጠፈ አማርኛው ላይ እንደሚንተባተብ ነግራኝ «አማርኛ የሚያስወድደው መጽሐፍ ስጪኝ» ብትለኝ የመምህሬን ሰጠኋት። ልጁ ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዳቆመ በኋላ ነገረችኝ። ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ሥዕሉ ለአንድ ተረት አንድ ብቻ ነው፣ ተረቱ ሁሉ የሚያልቀው በምክር ነው።

መምህሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ብለው «እህስ፣ እንዴት ነው?» ይሉኛል። ፊታቸውን ሳይ ቃል ከአፌ አይወጣም። እውነቱን ልንገራቸው? ዝም ብዬ ልቀጥል? ወይስ ሰበብ ፈልጌ መጽሐፎቹን ልመልስላቸው?

መጽሐፍ ሻጯ፣ ከባሕር ዳር

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ላይ ጎልቶ የታየኝ ከመጽሐፉ ድክመት ይልቅ አንቺ የቆምሽበት ቦታ ጥበት ነው። በአንድ በኩል ዛሬ የምትኖሪበትን ሙያ በልብሽ ውስጥ የተከሉ መምህር አሉ፤ በሌላ በኩል አንቺን አምነው ገንዘባቸውን የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ከሁለት አንዱንም ማስቀየም አትፈልጊም። ካቀረብሻቸው ሦስት ምርጫዎች ውስጥ ዝምታው ደንበኞችሽን ቀስ በቀስ ያርቅብሻል፣ ሰበብ ፈጥሮ መመለሱ መምህርሽን ይጎዳል፣ እውነቱን መናገሩ ደግሞ እውነቱ ምን እንደሆነ በደንብ ሳይለይ ከሆነ ከሁለቱም የከፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመናገርሽ በፊት ይህን «እውነት» አብረን ብናየው ደስ ይለኛል።

ደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሻቸው ሰው አሉ፦ ልብ ወለዱን ገዝተው፣ ቆይተው ለወንድማቸው ሌላ የወሰዱት አዛውንት። አንድ ሰው አንድን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ገንዘብ አውጥቶ መግዛቱ በመጽሐፍ ንግድ ውስጥ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም። እኚህ ሰው ምን አግኝተውበት ይሆን? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? ምናልባት የሐይቁን ዳርቻ ያውቁት ይሆናል፤ ምናልባትም አንቺን ያታከተሽ የደራሲው እየገቡ ማብራራት ለእሳቸው በልጅነታቸው የለመዱት የአረጋውያን አተራረክ ሆኖ አግኝተውት ይሆናል። እኔ መገመት እንጂ ማወቅ አልችልም፤ አንቺ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ «አባባ፣ የትኛው ቦታ ደስ አለዎት?» ብለሽ ብትጠይቂያቸው መጽሐፉ ለማን እንደሚሆን ከእሳቸው አፍ ትሰሚያለሽ።

የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት ከመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ጀምሮ ደራሲ ታሪኩ መሐል ገብቶ አንባቢውን መምከሩ በአማርኛ ድርሰት የቆየ ልማድ ነው። የእናንተ ትውልድ አንባቢ ይህን ልማድ ትቶታል፤ ሁሉም አንባቢ ግን አልተወውም። እንዲህ ስል መምህርሽ አልተሳሳቱም ለማለት አይደለም። ሁሉም ገጸ ባሕርያት በአንድ አፍ ሲናገሩ በየትኛውም ዘመን ድክመት ነው፤ አንቺም ያንን መለየትሽ የማንበብ ልምድሽን ያሳያል። ነገር ግን «መጽሐፉ ደካማ ነው» እና «መጽሐፉ ለእኔ አይደለም» የሚሉት በደብዳቤሽ ውስጥ ተደባልቀዋል። የትኛው ቅሬታሽ ከየትኛው ወገን ነው? አንድ ምሽት ተቀምጠሽ ብትለያቸው ለሚቀጥለው ሁሉ ይጠቅምሻል።

ስሕተት የተፈጠረው መምህርሽ «ለሁሉም ንገሪልኝ» ሲሉና አንቺም እሺ ስትዪ ይመስለኛል። ለሁሉም የሚሆን መጽሐፍ የለም፤ ጫማ ሻጭ እንኳ የገዢውን እግር ሳያይ ቁጥር አያወርድም። ከዚያ በፊት ደንበኞችሽ ያመኑሽ ጥሩ መጽሐፍ ስላወቅሽ ብቻ ይመስልሻል? እነሱን ስላወቅሽ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ሰው በገባ ቁጥር ዓይንሽ ከሰውየው ላይ ተነሥቶ ወደዚያ ወደ ቆመው ክምር ሄደ፤ ደንበኞችሽም ይህን አስተዋሉ።

ወደ ቀድሞው ለመመለስ ብዙ ነገር አያስፈልግሽም፤ ከመጠቆም በፊት ትንሽ መጠየቅ ይበቃል። አንድ ሰው ሱቅሽ ገብቶ «እንደ ፍቅር እስከ መቃብር ያለ መጽሐፍ ስጪኝ» ቢልሽ (ጎጃም ተቀምጠሽ ይህን ጥያቄ ሳትሰሚ የምታልፊው ወር ያለ አይመስለኝም) ምን ታወርጂለታለሽ? መጽሐፉ ከታተመበት ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች በአንድ ርዕስ ስም በጣም የተለያየ ነገር ሲጠይቁ ኖረዋል። አንዷ የምትፈልገው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው፤ ለእሷ ዘመኑም አገሩም ቢቀየር ግድ የላትም፤ ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ በሁለት የቢሮ ሠራተኞች መካከል የሚሆን አዲስ የፍቅር ልብ ወለድ ብትሰጫት አመስግናሽ ትሄዳለች። ሌላው የሚስቀው በፊታውራሪ መሸሻ ኩራት ነው፣ የሚወደውም ጉዱ ካሣን ነው፤ እሱ ስላቅ የሚችል ደራሲ ይፈልጋል፤ የፍቅር ታሪክ ብትሰጪው ይተኛበታል። ሦስተኛው የናፈቀው የገጠሩን ኑሮ ነው፤ ድግሱን፣ እርሻውን፣ ሰዉ እንዴት እንደሚሰዳደብና እንደሚመራረቅ ማየት ይፈልጋል። አራተኛው ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ከፍ ያለው፣ መጽሐፉን ጨርሶ አላነበበው ይሆናል፤ በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የሰማው። እሱ የሚፈልገው ሲነበብ ለጆሮ የሚጥም ቋንቋ ነውና ርዕስ ከመደርደር አንድ ገጽ ጮክ ብለሽ ብታነቢለት ይሻላል።

የመምህርሽ መጽሐፍ የዚያ የሦስተኛው ሰው አይመስልሽም? የዘጌ ቡና፣ የታንኳው ጉዞ፣ ሦስት ትውልድ፤ ምናልባት የአራተኛውም ሊሆን ይችላል። የባንክ ሠራተኛዋ ግን፣ ስለ እሷ ከነገርሽኝ ተነሥቼ ስገምት፣ ከመጀመሪያዋ ወይም ከሁለተኛው ወገን ናት፤ ለእሷ ይህን መጽሐፍ መስጠት ከመነሻው አይሆንም ነበር።

ደንበኛ «የወደድከው የቱን ነው?» ሲባል አንዳንዴ ያፍራል፤ የተማረ ሰው ይወድዳል ተብሎ የሚጠበቀውን ርዕስ ይጠራል። «ጀምረህ የተውከው የቱን ነው? የት ላይ ተውከው?» ስትዪው ግን ሳይሸማቀቅ ይናገራል፤ ከዚያ መልስ የበለጠ ትማሪያለሽ። የሽያጭ ደብተርሽ ጠርዝ ላይ ሁለት ቃል ብትጽፊ፣ ለምሳሌ «ረጅም መግቢያ አይወድም»፣ «አሳዛኝ መጨረሻ አትችልም»፣ በሚቀጥለው አዲስ ልብ ወለድ ሲገባ ለማን እንደምትደውዪ ታውቂያለሽ። አዲስ መጽሐፍ ሁሉ አንብበሽ ለመጨረስ ጊዜ እንደማይኖርሽ ይገባኛል፤ ቢያንስ ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍና ከመሐል ሁለት ሦስት ገጽ ሳታነቢ አትጠቁሚ። የጀርባ ሽፋኑን አትመኚው። እዚያ ላይ ያለውን ምስጋና ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በመጽሐፉ ምረቃ ዕለት መድረኩ ላይ የሚቀመጡት ወዳጆች ናቸው። ያላነበብሽውንም «ይህን ገና አልጨረስኩትም፤ አጀማመሩ ግን እንዲህ ነው» ብለሽ ብትሸጪው ምንም አይቀንስብሽም።

ለባንክ ሠራተኛዋ ደንበኛሽ ረጅም ይቅርታ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ደመወዝ ተቀብላ ስትመጣ፣ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው በሌለበት፣ «ያን መጽሐፍ የሰጠሁሽ ስለ መምህሬ አስቤ እንጂ ስለ አንቺ አስቤ አልነበረም፤ ይህን ግን ስለ አንቺ አስቤ ነው ያስቀመጥኩልሽ» ብትያት ይበቃል። አንድ በእውነት የወደድሽውን፣ ለእሷ ይሆናል ያልሽውን መጽሐፍ ለይተሽ ጠብቂያት። ካልገዛችውም አትከፊ፤ ለማመን ጊዜ ትፈልግ ይሆናል። የተማሪውን ነገር ቀልዪው፤ መጽሐፉ ካልተጎዳ ቀይሪለት።

አሁን ወደ ልጁ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ከልብ ወለዱ ይልቅ ጠበቅ እንድትዪ እመክርሻለሁ። ትልቅ ሰው መጽሐፍ ካልጣመው ሌላ ይገዛል። አማርኛ ማንበብ የከበደው የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ግን ያልሆነውን መጽሐፍ ሲይዝ «መጽሐፉ ከበደኝ» አይልም፤ «አማርኛ አልችልም» ነው የሚለው።

ለልጅ የሚነበብ መጽሐፍና ልጅ ራሱ የሚያነበው መጽሐፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሱቅ መደርደሪያም ሆነ አሳታሚ ብዙ ጊዜ አይለያቸውም። ልጁ በጆሮው የሚከታተለው ታሪክ በዓይኑ ለቅሞ ከሚያነበው እጅግ ይበልጣል። ከ231 ፊደላት ጋር ገና እየተላመደ ያለ ልጅ ፊደል በፊደል እየለቀመ ነው የሚሄደው፤ «መጣ»፣ «ሮጠ»፣ «በላ» የሚሉትን ይይዛቸዋል፤ «ስላላስተዋለቻቸው» የሚል ቃል ሲገጥመው ግን መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋዋል። በአማርኛ አድራጊው፣ ተደራጊው፣ አሉታው ሁሉ አንድ ቃል ውስጥ ስለሚታጨቁ አራት ቃል ብቻ ያለው ዓረፍተ ነገር ለልጅ ረጅም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገጹ ላይ ስንት ቃል አለ ከማለት ቃላቱ ምን ያህል ይረዝማሉ ብለሽ እዪ። ሥዕሉም ለጌጥ አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን ያልደረሰ ነገር ልጁ የሚለየው ከዙሪያው ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነግረው ሥዕሉ ነው። በየገጹ ሥዕል፣ ተለቅ ያለ ፊደል፣ በቃላት መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት፣ እየተመለሰ የሚመጣ አንድ ሐረግ፤ እነዚህን ካየሽ ለብቻው ለሚያነብ ልጅ ልትሰጪው ትችያለሽ። የተመላላሹ ሐረግ ጥቅም ቀላል አይደለም፤ ሁለተኛ ሲመጣ ልጁ ሳይለቅም ያነበዋል፣ ሦስተኛ ሲመጣ ገጹን ሳይገልጥ ይጠብቀዋል።

ታሪኩ ውስጥ ያለው ነገር ለልጁ የሚታወቅ ሲሆን ደግሞ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል። ከሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ ደንገል ምን እንደሆነ፣ ጉማሬ ከውኃ ሲወጣ ሰው ለምን እንደሚሸሽ ማንም ሳይነግረው ያውቃል። በበረዶ ላይ ስለሚንሸራተት ልጅ የሚተርክ ትርጉም መጥፎ ነው አልልም፤ አማርኛ ለሚንተባተብ ልጅ ግን ቋንቋውንም ዓለሙንም በአንድ ጊዜ እንዲለቅም መጠየቅ ይበዛበታል።

መጽሐፉ ይሆነው እንደሆነ ለማወቅ ልጁን ሱቅ አስመጪው። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ፤ አንቺ አትርጂው፣ እናቱም አታርመው። በአንድ ገጽ አምስት ጊዜ ያህል ከተደናቀፈ ያ መጽሐፍ ለጊዜው እናቱ የምታነብለት ነው፤ አንድ ሁለቴ ብቻ ከሆነ የራሱ ነው። ይልቁንም እጁን ተመልከቺ፤ ደስ ያለው ልጅ አንብቦ ሳይጨርስ ገጹን ሊገልጥ ይይዘዋል። እናትየዋ ብዙ መግዛት የማትችል ከሆነች አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ በአፍሪካ ቋንቋዎች፣ በአማርኛም ጭምር፣ በደረጃ የተከፋፈሉ ባለ ሥዕል ታሪኮችን በነፃ ያቀርባል፤ የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም ሳያስቀሩ አትሞ መጠቀምም ይፈቀዳል። ሁለት ሦስቱን አትመሽ ብትሰጫት የዕለቱ ሽያጭ ይቀርብሽ ይሆናል፤ ልጁ ማንበብ ከያዘ ግን የሚቀጥለውን መጽሐፍ ለመግዛት የሚመጣው ወደ አንቺ ነው።

ታዲያ የመምህርሽን ተረቶች ምን እናድርጋቸው? እንደ ገለጻሽ ከሆነ መጽሐፉ ልጅ ለብቻው የሚያነበው አይደለም፤ ለልጅ ሊነበብ ግን ይችል ይሆናል። ለአያቶች፣ ማታ ማታ ለሚያነብ አባት ብትሰጪው ቦታውን ያገኛል። በመጨረሻው ምክር ላይ ያለሽን ቅሬታ እጋራሻለሁ፤ ሆኖም አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን ይመክሩን ነበር፤ ያስቀመጠን ድምፃቸውና ከእኛ ጋር መነጋገራቸው ነበር። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የመለሰ ልጅ ለማዳመጥ ተስማምቷል ማለት ነው። መምህርሽ ዕድሜያቸውን ሙሉ ክፍል ውስጥ ቆመው ያስተማሩ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱቅሽ ከጠበበም በረንዳው ላይ፣ ለሰፈሩ ልጆች አንዱን ተረት እንዲያነቡ ብትጋብዣቸውስ? ልጆቹ የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ ወደ መንገዱ ማየት እንደጀመሩ በዓይናቸው ያዩታል፤ አንቺ መናገር የከበደሽን ከፊሉን ልጆቹ ይነግሯቸዋል።

ከፊሉን አልኩ እንጂ ሁሉንም አላልኩም፤ መነጋገሩ አይቀርልሽም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አስቢ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡት የሽያጭ ዜና ፈልገው ብቻ ነውን? ወይስ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ስለ መጽሐፍ የሚያነጋግራቸው ሰው ስላጡ ነው? ሁለተኛው ከሆነ አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር የሚጎዳቸው ዝምታሽ ነው። «እህስ፣ እንዴት ነው?» ሲሉሽ በፍርድ ሳይሆን በወሬ ጀምሪ፦ «ጋሼ፣ ልብ ወለዱ ይህን ያህል ተሽጧል። አንድ አባት ለራሳቸው ገዝተው ለወንድማቸው ደገሙ። ያልሆናቸው ሰዎችም አሉ፤ ስለዚህ ለሁሉም ሰው ከማዳርሰው፣ ይሆነዋል ላልኩት ሰው እኔው ከመደርደሪያ አውርጄ ብሰጠው ይሻላል ብያለሁ።» በዚህ ንግግር ውስጥ ውሸት የለም፤ ክብራቸውም አይነካም።

«አንቺስ ወደድሽው?» ብለው ቢጠይቁሽ፣ መጠየቃቸውም አይቀርም፣ አታምልጪ። የተናገርሽኝን ለእሳቸውም መናገር ትችያለሽ፦ «የታንኳውን ምዕራፍ ደግሜ ነው ያነበብኩት። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ግን አንዳንድ ቦታ የሰማሁት የእርስዎን ድምፅ ነው እንጂ የእነሱን አይደለም።» ድርሰትሽን በቀይ እስክሪብቶ ያረሙልሽ ሰው ይህ ዓይነቱ አስተያየት ከአድናቆት የሚመጣ እንጂ ከንቀት የማይመጣ መሆኑን ያውቃሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አይከፋቸውም ብዬ ግን ቃል አልገባልሽም። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ያወጡበት ሥራ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ሊቀሩ ይችላሉ። ቢቀሩ አትጠብቂ፤ ቤታቸው ድረስ ሄደሽ ጠይቂያቸው፣ ስትሄጂም ስለ መጽሐፉ አታንሺ።

የገንዘቡን ነገር ግን ከስሜት ለይተሽ በወረቀት አድርጊው። የተረከብሽውን፣ የተሸጠውን፣ የቀረውን ጽፈሽ የሚደርሳቸውን ክፍያ አስረክቢ፤ የቀረውን እስከ መቼ እንደምታቆዪም ተስማሙ። እስካሁን በቃል ብቻ ከሆነ፣ ደብዳቤሽም እንደዚያ ያስመስለዋል፣ ከጭንቀትሽ የተወሰነው የመጣው ከዚሁ ይመስለኛል። የውለታቸውን ዋጋ በሌላ መንገድ መክፈል ትችያለሽ፤ ሌላ ከተማ ያሉ መጻሕፍት ሻጮችን ወይም አከፋፋይ የምታውቂ ከሆነ አገናኛቸው፤ ዘጌን ለማየት የሚመጡ እንግዶች በሚያልፉበት ቦታ ልብ ወለዱ ቢቀመጥ ከሱቅሽ የተሻለ ገዢ ሊያገኝ ይችላል።

የልጆቹን መጽሐፍ ሁለተኛ ለማሳተም የሚያስቡ ከሆነም ከንባቡ ቅዳሜ በኋላ፣ ልጆቹ ያደረጉት ገና ከዓይናቸው ሳይጠፋ፣ «አንዱን ተረት ብቻ ለይተን፣ ፊደሉን ከፍ አድርገን፣ በየገጹ ሥዕል ብናስገባበትስ?» ብለሽ አንሺላቸው። የዚያን ዕለት የሁለተኛ ክፍሉን ተማሪ ከእናቱ ጋር ጥሪው። ተረቱን ሰምቶ ሲጨርስ መደርደሪያው ፊት ለፊት ለብቻው ተዪው፤ የሚያወርደው የመምህርሽን ይሁን የሌላ ሰው፣ እናቱም አንቺም በምርጫው አትግቡበት።